የሦስተኛው አልጋ ቡና

ማክሰኞ
ቡና ገዢው ፈረንጅ ነገ ይመጣል፤ አባባ እስካሁን አላመኑም። "ለእኔ ብሎ ማን ባሕር ይሻገራል?" አሉኝ በስልክ። እውነታቸውን ነው። በደርግ ጊዜ ቡናቸውን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ይወስደው ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ነጋዴው ከአገር ምድሩ ቡና ጋር ደባልቆ ይጭነዋል። አሁን ገበሬው ራሱ ለውጭ ገዢ መሸጥ ይችላል ተባለ። ስማቸው ጆንያ ላይ ሊጻፍ ነው። እኔ የዲላዋ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ አስተርጓሚ ሆኛለሁ። መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ኢዲዶ፣ አባባ ቤት
ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። "የአንድ ሰው ማሳ ብቻ። ከተቀላቀለ አልገዛም" አለ። ተረጎምኩ። ከሦስቱም የማድረቂያ አልጋዎች ለየብቻ ናሙና ወሰደ። ዞር ሲል አባባ ጎተት አደረጉኝና፣
"ሦስተኛው ላይ የዘነበች ቡና አለበት" አሉ።
እትዬ ዘነበች ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የማድረቂያ አልጋቸው በዝናብ ሲሰበር አባባ ቡናቸውን ከእኛ ጋር አሰጡላቸው።
"ታዲያ ሲበሰብስ ቆሜ ልይ?" አሉ።
ፈረንጁ ከሰማ ትቶን ይሄዳል ብዬ ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ዲላ
መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ፈረንጁ ከየአልጋው የወሰደውን ቡና ሊቀምስ ሲኒዎቹ ተደረደሩ። ፉት ይላል፣ ይተፋል። አባባ "አልጣመውም" ብለው ፊታቸው ጠቆረ፤ አሠራሩ ነው አልኳቸው።
ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ቆመ። አለፈ፣ ተመለሰ። አራት ጊዜ ተመለሰ።
"ይሄ የሌላ መሬት ነው። ከፍ ያለ ቦታ።"
የእትዬ ዘነበች ማሳ ከእኛ በላይ፣ ጫካው ሥር ነው። ዳገት በምላስ ይታወቃል? ያየሁት እኔው ነኝ፣ አሁንም አላመንኩም። ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ነገ እነግራችኋለሁ ብሎ ወጣ።

ዓርብ
ገዛ። ሦስተኛውን ብቻ፤ እንዲህ የሚጥም ከሆነ ቢቀላቀልም ይሁን፣ ጆንያው ላይ ግን የሁለቱም ስም ይጻፍ አለ። የአባባ የብቻቸው ሁለት አልጋ እንደ ድሮው ከነጋዴው ድብልቅ ይገባል። ልከራከርላቸው ፈለግሁ። እሳቸው ግን፣ "የዘነበችን ስም አስቀድምልኝ በይው" አሉ።
ፈረንጁ ከሦስተኛው አንድ ሲኒ ቀድቶ ሰጣቸው። እኛ ቤት የሚጠጣው ሁልጊዜ በለቀማ የተጣለው ብልሽት ቡና ነው፤ ደህናው ለሽያጭ ነው። አባባ ፉት አሉ። አልተፉም። ሲኒውን አገላብጠው አዩና፣
"ዕድሜ ልኬን አብቅዬው፣ ለካ አላውቀውም" አሉ።
ፈረንጁ ምን አሉ ብሎ አየኝ። ሲኒውን ከአባባ ተቀብዬ እኔም ፉት አልኩ፤ ሳልተረጉምለት ቀረሁ።