ፀሐይ ላይ የተሰጣው ስልክ

ጅማ፣ በቾ ቦሬ
እሁድ፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ? ማለዳ ስትነሺ አሁንም ይይዝሻል ወይስ ያ ቅባት ትንሽ አላላልሽ? ላሟስ? ጎረቤታችን ዘይቡስ ከነልጆቿ ደህና ናት? እኔ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጽፍ ነበር። ግን በዚህ ወረቀት ላይ ውሸት ላልጽፍ ለራሴ ቃል ገብቻለሁና፣ ደህና አይደለሁም። አካሌ ጤነኛ ነው፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ። እንቅልፍ ግን እንጃ።

ፊደሉን አግዝፌ የጻፍኩት የመነጽርሽ አንዱ ዓይን መሰንጠቁን ስለማውቅ ነው። እባክሽ ራስሽ አንብቢው፣ ለማንም አታስነብቢው። መሠረተ ትምህርት ገብተሽ መጽሐፍ ቅዱስሽን በጣትሽ እየተከተልሽ ማንበብ የጀመርሽ ጊዜ፣ አባዬ «ጉድ ነው! ፓስተር ልትሆንብኝ ነው» እያለ ሲያሾፍብሽ ትዝ ይልሻል? ያቺን ጣትሽን ዛሬ ለኔ አንሺልኝ። ቀስ በይ፣ አትቸኩዪ።

ባለፈው ሐሙስ ሹፌሩ ሙስዓብ ሚኒባሱን ሱቄ በር ላይ አቁሞ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። የአባዬ ስልክ ነው። «እናትህ፣ እኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፣ ለፈለገው ሰው ይስጠው ብለዋል» አለኝና ፊቴን ሳያይ ሄደ። ስፈታው የስልኩ ጀርባ ተነስቷል፤ ባትሪው አብጦ ክዳኑን ገፍቶታል። አወጣሁትና አዲስ አስገባሁለት። ካርቶኑን ራሴ የቀደድኩት፣ የእውነት አዲስ ነው። ይኸው በዚያው በሙስዓብ እጅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሻለሁ። ሰቃ ከተማ ወርዶ ከመንገዱ እስከ ቤታችን ግማሽ ሰዓት በእግር ነው፣ አንቺ ደግሞ አሁን ብቻሽን ነሽ። ያለ ስልክ ልተውሽ አልችልም። አንብበሽ ሳትጨርሺ መልሰሽ እንዳትልኪብኝ።

እንግዲህ አያያዙን ልንገርሽ። ይሄ ባትሪ አንቺ ድንጋይ የምትዪው የሬዲዮው ዓይነት አይደለም። የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ሲውል ትንሽ ነፍስ ይዘራል። በልጅነቴ የመዝሙር ፕሮግራምሽ እንዳያመልጥሽ ስንቴ ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ደርድሬልሻለሁ! የስልኩ ግን ሙቀት አይወድም። ጥላ ውስጥ አስቀምጪው፤ ምድጃ አጠገብም፣ ትራስ ሥርም አይሁን። ጨርሶ እስኪጠፋ አትጠብቂው። ሃያ ሲል ሰኪው፣ ሰማንያ ሲደርስ ንቀዪው፤ እንዲያ ከያዝሽው ብዙ ዓመት ያገለግልሻል። መብራት ሲመጣ መቶ ይሙላ ብለሽ ሶኬት ላይ አታሳድሪው። ሞልቶም ባዶ ሆኖም ረጅም ጊዜ መቀመጥ ይጎዳዋል፣ የሚመቸው መሀል ነው።

ብርሃኑን ቀንሼልሻለሁ፤ ደበዘዘብኝ ካልሽ ዘይቡ ታሳይሻለች። ዳታውንም ዘግቼዋለሁ፣ ሳትነኪው ሆዱን የሚበላው እሱ ነው። ጓዳ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ እዚያ ከዋለ ኔትወርክ ሲፈልግ ሲፈልግ ራሱን ይጨርሳል። በደጁ በኩል ባለው መስኮት ላይ አድርጊው፣ እዚያ ፀሐይ አይገባም። ድንገት ሳጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ ካልሽ እንኳ ግማሽ ሞልተሽ፣ አጥፍተሽ ይሁን። ባዶውን ሦስት ወር ተቆልፎበት ነው ያ አሮጌው ጨርሶ ያበጠው። መዝሙር ስሚበት። እንደ ልብሽ ስሚበት፣ መዝሙር ባትሪ አይገድልም።

ይኸው፣ አንድ ገጽ ሞላሁ። እየሸሸሁ ነው እማዬ።

ሱቄ የሚመጣው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው። «ውሃ ነክቶታል?» ስለው «ኧረ በጭራሽ! ዝም ብሎ በራሱ ጠፋ» ይለኛል። ስለ መንገዱ ያወራል፣ ስለ ቡና ዋጋ ያወራል፣ እኔ ክዳኑን እስክከፍት ድረስ። ስከፍተው ውስጡ ውሃ ነው። ያን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ «እሱማ ትንሽ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ነበር» ይላል። በሰው ስስቅ ከርሜ እኔው ራሴ ያው ሆኜ ቁጭ አልኩ።

በዚያው ሳምንት የኳየሯ ታቢታ ስክሪኗ ተሰብሮባት ሱቅ መጥታ ነበር። እየሠራሁላት፣ ባለፈው እሁድ በምስክርነት ሰዓት ምን እንዳልሽ ነገረችኝ። ተነስተሽ፣ ነጠላሽን ይዘሽ፣ «ጸልዩልኝ ወገኖቼ፣ ስልኩን ፀሐይ ላይ አስጥቼ ባለቤቴን የገደልኩት እኔ ነኝ» ብለሻል አሉ። ጉባኤው ሁሉ አለቀሰ አለችኝ። ደግሞ የሰው ቤት በገባሽ ቁጥር ከሰላምታው ቀድመሽ «ስልካችሁ ቻርጅ አለው?» እያልሽ ትጠይቂያለሽ አሉ። ልጆቹ ሲያዩሽ ገና ከሩቅ «አለው እማማ፣ አለው!» ይሉሻል። ታቢታ ይህን ስትነግረኝ በእጄ የያዝኩት ብሎን ወለል ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ እፈልጋለሁ ብዬ እዚያው ጠረጴዛው ሥር ሆኜ አለቀስኩ።

ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ልቅሶው ቤት፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ዘይቡ አንቺን ደግፋ ይዛሽ ሳለ የተናገርኩትን ትረሺዋለሽ ብዬ አላስብም። «ስልክ እንዴት ፀሐይ ላይ ይሰጣል? የኔ ሙያ እኮ ነው፤ አንድ ቀን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አልኩሽ። የአባቴ አፈር ሳይደርቅ! ዘይቡ ቀና ብላ አየችኝና «ኢልማ ኮ፣ ዛሬ አይደለም» አለችኝ፣ ልክ ለገዛ ልጇ እንደምትለው። አንቺ ግን አልተቆጣሽም። «ጠርቶ ነበር እኮ ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ነው የጠፋው» ብቻ ነው ያልሽኝ። እኔም «አልጠራም። ባትሪ ሲሞት የሚያሰማው ድምፅ ነው» አልኩሽ። የሙያው ሰው ተናገረ ብለሽ አመንሽኝ። ሽማግሌዎቹም አመኑኝ።

ባትሪ ሲሞት እንዲህ ያለ ድምፅ አያሰማም እማዬ። ዝም ብሎ ይጠፋል።

አሁን ክዳኑን ልክፈተው። መስከረም ላይ አባዬ ስልኩ ደክሞበት ሱቅ መጣ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባትሪ ዘግይቶብኝ ነበር፤ ገበያው ደግሞ የቡና ሰሞን ስለደረሰ ሰው በሰው ላይ ነው። «ሳምንት ቆይና ተመለስ» ማለት አቃተኝ፣ ያን ሁሉ መንገድ የመጣ አባቴን። ሰው ፊት ባዶ እጄን መታየትም አፍሬያለሁ። ከተበላሸ ስልክ ላይ የወለቀ አሮጌ ባትሪ ነበረኝ፣ እሱን ገጠምኩለት። «አዲስ ነው አባዬ» አልኩት። ደንበኞቼ እያዩ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ «እጅህ ይባረክ» አለኝ። ያ ምርቃት እስካሁን ራሴ ላይ ይከብደኛል።

ሁለት ሳምንት አልቆየም፣ ደወለ። «ልጄ፣ ያ አዲሱ ድንጋይ አርባ ሲል ይሞታል። የኔ አያያዝ ይሆን?» አለኝ። ተመልከቺ፣ ራሱን ነው የጠረጠረው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረም። እኔ ግን «አዎ፣ አያያዝ ነው፤ መዝሙር አታብዙበት» አልኩት። መዝሙርሽን ያስቆመብሽ እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስቴም አራቴም ይደውል ነበር። ዛሬ ሠላሳ ሲል ጠፋ፣ ዛሬ ሃያ አምስት ሲል ጠፋ፣ ዛሬ ጥላ ውስጥ አስቀምጬው ሠላሳ አምስት ደረሰ እያለ፣ ሕፃን ታሞበት ለሐኪም እንደሚናገር። ስሙ ስክሪኔ ላይ ሲመጣ ትከሻዬ ይወርድ ጀመር። ኅዳር ላይ ጭራሽ፣ ስሙን ሳይ ስልኬን ገልብጬ ማስቀመጥ ለመድኩ። ማታ ማታ እደውልለትና «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እለዋለሁ። «አውቃለሁ ልጄ፣ ጌታ ያበርታህ» ይለኛል።

ፀሐይ ላይ ያሰጣሽው ስልክ ከመጀመሪያው የሞተ ባትሪ ይዞ ነው የመጣልሽ። ደህና ባትሪ ቢሆን ኖሮ አንቺ ለምን ብለሽ ታሰጪዋለሽ? የምታውቂው መድኃኒት እሱ ነው፣ ለሬዲዮውም ሠርቶልሻል፣ ልታድኚው ብለሽ ነው። ደግሞም አድነሽዋል። ጀንፈሉ ቡና የሚሰጣበት አልጋ ጠርዝ ላይ፣ ቡናው መሀል አስቀምጠሽው፣ አባዬ ቡናውን ሲያገላብጥ ደረቱን ይዞ ቁጭ ሲልብሽ ሮጠሽ አነሳሽው፤ በራልሽ። ጎረቤቱ ሁሉ ቡና ለቀማ ጫካ ገብቶ ነበር፣ ጮኸሽ የሚሰማሽ የለም፣ ያለሽ እሱ ብቻ ነው። የኔን ቁጥር ነካሽ። ያቺ ያሰጣሽባት ፀሐይ ለአንድ ጥሪ የሚበቃ ሰጥታሻለች እማዬ። ጆሮሽ አልዋሸሽም።

አዲሱን ባትሪ ገጥሜ ስልኩን ስከፍተው ሁሉም እንደነበረ አለ። የአባዬ የቡና ፎቶዎች አሉ፤ ግማሾቹ ላይ የገዛ ጣቱ ገብቶባቸዋል። ጥሪዎቹም አሉ። መሰረዝ ለኔ ሁለት ንክኪ ነው፤ በዚህ ሙያ ስንት ሰው ሰርዝልኝ ሲለኝ ሰርዣለሁ። ጣቴን እላዩ ላይ አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ። አልሰረዝኩም። አረንጓዴዋን ምልክት ስትነኪ ከሁሉ በላይ ያለው የመጨረሻው ነው፤ «ልጄ ሲሞን» ይላል፣ አባዬ ነው እንዲህ ብሎ የመዘገበኝ። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር 3:20 ይለዋል፤ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው፣ ማክሰኞ ኅዳር 17። ዘይቡ ከጫካ የተመለሰችው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ብለሽኝ ነበር። የጤና ጣቢያው ሐኪም «ቀደም ብሎ ቢመጣ...» ብሎ ጀምሮ፣ አንቺን ሲያይ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። በዚያ ሰዓት የሙስዓብ ሚኒባስ ተሳፋሪ እየጠበቀ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ነበር። የዘይቡም ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ስለ ራስሽ ያልሽውን ቃል ከጉባኤው ፊት አንሺው። ሰው ቤት ገብተሽም አትጠይቂ፣ ይብቃሽ። የዛሬ ሳምንት እሁድ እመጣለሁ። አንቺ ቆመሽ በነበረበት ቦታ እኔ እቆማለሁ፤ የምለውን እዚያ እለዋለሁ። አትምጣብኝ ካልሽኝም ይገባኛል፣ አልቀየምም። ለሙስዓብ አንድ ቃል ብቻ ንገሪው። ስልኩን ግን አብሪው። ለኔ አትደውዪ ከፈለግሽ፤ ለዘይቡ ሲባል፣ ለራስሽ ሲባል ይብራ። የኔ ቁጥር አሁንም እዚያው ከላይ ነው ያለው፣ አልነካሁትም።

አባቴን የወሰደ ጌታ አንቺን በጥላው ሥር ይሸፍንሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ፣ ደጅሽ ያለ ሰው አይዋል። በኔ የደረሰብሽን ሁሉ እሱ በእጁ ያብስልሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አገሩን ሁሉ ስልካችሁ ቻርጅ አለው ብለሽ ስትጠይቂ፣ እኔን ግን አንድም ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ያን ማክሰኞ የኔ ስልክ መቶ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ሲጠራ፣ የአባዬን ስም አይቼ በፊቱ ገለበጥኩት።

የበኩር ልጅሽ