ስለ ዴዦ ጣቶች፣ ለውድ እንግዶች አስተናጋጅ

ይድረስ ለተከበሩ የቡዳፔስት የሻሮልታ ፍል ውሃ ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የእጅ ጣቶችዎ ደኅና ናቸው? ስለ ጣት የጠየቅሁት ያለ ነገር አይደለም፤ እመለስበታለሁ። ውሃን ከመሬት ሥር አፍልቶ የሚያወጣ አምላክ የወንበርዎን ሙቀት አያጓድልብን።

እኔ ቫርኮኒ ኤዴ፣ ጡረታ የወጣሁ የትራም ነጂ፣ ከፍል ውሃው ጀርባ ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ ሰው ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ጓደኛዬ ስለ ዴዦ ነው። ዴዦ የሰፈራችን ጸጉር አስተካካይ ነበር። ዛሬ ቁርጥማት ጣቶቹን እንደ ዶሮ እግር ቆልምሞበታል። ሐኪሙ ያዘዘለት መድኃኒት የእርስዎን ሙቅ ገንዳ ነው። እስከ ደረቱ ገብቶ፣ ውሃው ላይ በሚንሳፈፈው የቡሽ ገበታ ከእኔ ጋር ቼዝ ሲጫወት፣ ጣቶቹ ቀስ በቀስ ይፈቱና ፈረሱን አንስቶ ያስቀምጣል። ያን ቀን የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል። ጉዳዬ በሙሉ ይኸው ነው፤ የአንድ ሽማግሌ የሸሚዝ ቁልፍ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ በሩ ላይ ስላሰቀሉልን «ውድ እንግዳችን» የሚል ጽሑፍ ከልብ አመሰግናለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የቤቱ ሰው የሆንሁ ሲመስለኝ፣ እንግዳ መሆኔን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። «ውድ» የሚለውም የመግቢያውን ዋጋ ስሰማ ገባኝ። የሐኪም ማዘዣ የያዘ ሰው ግን ውድም እንግዳም ስላልሆነ ማክሰኞ ጠዋት ብቻ እንዲገባ ፈቅደውለታል። ማክሰኞ ጠዋት ገንዳው ሊታጠብ ውሃው ይደፋል። ዴዦ ባዶው ገንዳ ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ «ኤዴ፣ ዛሬስ ውሃው ቀዝቀዝ አላለብህም?» አለኝ። ቀልዱ የእሱ ነው፤ ገንዳው የእርስዎ።

፪ኛ፦ ቼዙን «ጠጠሮቹ የውሃ መውረጃ ይደፍናሉ» ብለው በጥበብ ከለከሉን። ከዚያም ለፎቶ አንሺ እንግዶችዎ ሲሉ ሁለት ወጣት ተዋንያን ቀጥረው፣ ሽማግሌ አስመስለው፣ ሰው ሠራሽ ጢም ለጥፈው፣ እዚያው ገንዳ ውስጥ ቼዝ ሊጫወቱ አስቀመጧቸው። የእነሱ ጠጠር ሥርዓት ያለው ሳይሆን አይቀርም፤ መውረጃ አይደፍንም። በመስታወቱ በር አሻግረን ስናይ አንደኛው ፈረሱን ቀጥ አድርጎ እንደ ትራም ነዳው። ዴዦ በቆልማማ ጣቱ መስታወቱን እየቆረቆረ፣ «ኧረ በፈጠረህ! ፈረስ እኮ ነው፣ ይዘላል!» ብሎ ጮኸ። ልጁ አድናቂ መስሎት እጁን አውለበለበለት።

፫ኛ፦ ይህ ቅሬታ ይሁን ምስጋና ራሴም አልለየሁትም። ሌላ ሽማግሌ እንደምትፈልጉ ሰምተን ዴዦን ለሽማግሌነት ሥራ ወሰድሁት። ደመወዝ አልጠየቀም፤ ውሃው ይበቃው ነበር። መልማይዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ ከእግር እስከ ራሱ ካየችው በኋላ፣ «አባባ፣ አይቀየሙኝና የአገሩን ሽማግሌ አይመስሉም» አለችው።

«ምን ጎደለኝ፣ ልጄ?»

«ጢም።»

የሰፈሩን ጢም ሁሉ ሲላጭ የኖረ ሰው የራሱን ከየት ያምጣ? «ታዲያ እንደነዚያ ልጆች ለጥፉልኛ!» አላት። ትርፍ ጢም የለም ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ዴዦ ከቤት አይወጣም። ሸሚዙን ልጁ ትቆልፍለታለች፤ ፊቱን እኔ እላጨዋለሁ። «ሐዲዱን እንዳትስት» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ትናንት ግን ምላጩን በክንዱ ገፋ አደረገና፣ «ተወው ኤዴ፣ ይደግ» አለኝ። ስለዚህ ጢሙ እያደገ ነው። ጣቶቹም እየተጨበጡ ናቸው። ሐኪሙ አንዴ የተጨበጠ ጣት አይዘረጋም ብሏል፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ከእርስዎም መልስ አልጠብቅም፤ ማክሰኞን የፈቀደ እጅ ከዚህ በላይ እንዳይደክም እሰጋለሁ።

በደረቅ ገንዳዎ ዳር ቆሜ እጅ የምነሳ፣ ውድ ያልሆንሁት እንግዳዎ፣
ቫርኮኒ ኤዴ

ማሳሰቢያ፦ በእናንተ ገበታ ላይ ጥቁሩ ንጉሥ ከተያዘ ሰንብቷል፤ መሄጃ የለውም። ተዋንያኑ ስላልገባቸው ፈገግ እንዳሉ ፎቶ ይነሳሉ። ዴዦ ከመስታወቱ ውጭ ሆኖ አይቶት ነበር፤ ልነግራቸው ስል ግን፣ «ተዋቸው፣ እኛስ መያዛችንን ማን ነገረን?» አለኝ።