የእንዶድ ውኃና የንግሥቲ ጤፍ

ነሐሴ 18 ቀን 1956

ጧት ዝናቡ አባርቶ ነበር። የጓሮውን ጎመን ኮተኮትሁ። ከዚያ ወደ ንግሥቲ ማሳ ወረድሁ። የሟች ወንድሜ ሚስት ናት። ጤፏን መጭ ውጦታል... ኑግ ይመስላል፣ ግን አረም ነው፤ ቅጠሉ ጠጉራም። ደቦ እንዳትጠራ የሰፈሩ ወንድ ግማሹ በወባ ተኝቷል። የአጎቴ ልጅ አዛናው ደግሞ፣ የዘመድ ርስት ነው ብሎ፣ «እስከ መስቀል ካልታረመ መሬቱን ለእኩል አራሽ እንሰጠዋለን» ብሏል። እሷስ ምን ትብላ?

ነሐሴ 20

አያልነህ ከወረታ መጣ። አስተምሬዋለሁ፤ ዛሬ የእርሻ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነው። በጀርባ የሚታዘል መርጫና ቱፎርዲ የሚሉትን የአረም መድኃኒት ይዟል። ጤፉን ትቶ መጩን ይገድላል አለ። አላመንሁም። ትንሽ ረጨ። ጎንበስ ብዬ አየሁ... ጠብታው በቅጠሉ ጠጉር ላይ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ወደቀ።

«ሳሙና ይፈልጋል፣ መምህር። ሳሙና ሲገባበት ውኃው ቅጠሉ ላይ ይተኛል።»

«የታለ ሳሙናው?»

«አለቀብኝ። የርብ ወንዝ ሞልቶ የጎንደር መኪና ቆሟል፤ ገበያም የለም።»

ንግሥቲ ሳቀች። «ለሳሙና ነው ይህ ሁሉ? እንዶድ አለኝ አይደል!»

አያልነህ ጥቂት አሰበ። «ሞክሬው አላውቅም። እንሞክረው» አለ። መልሱን ወደድሁት።

ነሐሴ 21

ተሳሳትን። ንግሥቲ እንዶዱን ለነጠላ እንደምታደርገው ወቅጣ፣ አሽታ፣ አረፋ በአረፋ አደረገችው። አረፋ ያልወጣው እንዶድ አያጠራም ባይ ናት። መርጫው ውኃውን ትቶ አረፋ ይተፋ ጀመር። የአያልነህ ፊት አረፋ ለበሰ...

«ጎበዝ፣ ጢምህ ሸበተ!» አለችው።

ሳቃችን ሲበርድ አዲስ ዘፈዘፍን። ሳንመታው አሳደርነው... በሻሽ አጠለልነው። ነገ በማሳው ጥግ ብቻ ይሁን አልኋቸው።

ነሐሴ 22

ጠብታው አልተንከባለለም። ተዘርግቶ ቅጠሉን አለበሰው! ዕድሜዬን ሙሉ ልብሴ በእንዶድ ሲታጠብ እያየሁ ይህን አላሰብሁም።

ነሐሴ 25

በጥጉ ያለው መጭ አንገቱን ጠምዝዞ ደፍቷል። ጤፉ ደህና። ነፋሱ ተነሥቶ መድኃኒቱን ወደ ጎረቤት ኑግ ሳይወስድ የቀረውን ረጩት። ንግሥቲ መርጫውን ራሷ አዘለች። «ከልጅ አይከብድም» አለች። አያልነህ እጣቢውን ከወንዙ አርቆ ደፋው፤ ከብት ይጠጣል፣ ዓሣም አለ። ጠንቃቃ ሰው ወጥቶታል።

ነሐሴ 26

ዝናብ... ታጥቦ ይሆን?

መስከረም 15 ቀን 1957

አዛናው እኩል አራሹን አስከትሎ መጣ። ማሳው ዳር ሲደርስ ቆመ። መጩ ደርቆ ተኝቷል፤ ጤፉ በላዩ ወጥቶ ከነፋሱ ጋር ይተኛል፣ ይነሣል።

«ማን አረመላት?»

«ራሷ» አልሁት።

ንግሥቲ ከማሳው መሀል ቀና አለች። «አያ አዛናው! ለአጨዳው ደቦ ና እንጂ። ሰውየህንም ይዘኸው ና፤ ማጭድ ብቻ እንዳትረሱ!»

አዛናው ወደ እኔ ዞረ። ወደ ጤፉ አመለከትሁት።

«...እንመጣለን» አላት።