ማን የት ተጠለለ

ለታላቅ ወንድሜ ለናስር፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድም ዓለም፣ ከባሕሩ ማዶ ጤናህ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከመኪናው ስትወርድ ያሠቃይሃል? ዘይነባ እንዴት ናት? ዑስማን ጥርስ አበቀለ? እማዬ ከሶላት በኋላ የሦስታችሁንም ስም ሳትጠራ እጇን ከዱዓ አታወርድም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እናንተን ከማየት በቀር የጎደለን የለም።

በደወልክ ቁጥር ስለ መመረቂያ ሥራዬ ስትጠይቀኝ ወሬ የምለውጥብህ ንቄህ እንዳይመስልህ። ዘንድሮ በስልክ የሚወራና የማይወራ አለ። ጎረቤታችን አው አደም ለዑምራ ሲነሱ ጊዜ ይህን በእጃቸው ላክሁልህ። ፖስታውን በደንብ አጣብቄዋለሁ፤ ተከፍቶ ከደረሰህ ንገረኝ። እሳቸውን ጠርጥሬ አይደለም። ግን ንገረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀጎል ውስጥ በድንጋይ ቤት ላደገ ሰው የሐረር ሙቀት ቀልድ ይመስለዋል። ካምፓሳችን ግን ከግንቡ ውጭ በብሎኬትና በቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ከየካቲት ወዲህ ቀትር ላይ ክፍሉ እንደ ምድጃ ይግላል። ዶርም አብራኝ የምትኖረው ሙና፣ የድሬ ጠያራ ልጅ፣ አስም አለባት። አምና ሙቀቱ ትንፋሿን አሳጥሮት ፈተና ላይ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር። እሷን አይተን ነው እኔና እንደሻው ለመመረቂያችን የስልክ አፕ ለመሥራት የተነሣነው። እንደሻው በፊት ከሱቃችን ፊት ለፊት ይኖሩ የነበሩት የእትዬ ብርነሽ ልጅ ነው፤ ታስታውሰዋለህ። አፑን «ጥላ» አልነው። ተማሪው በስሙ ይመዘገብና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሲያገኝ፣ ማንጎው ሥርም ይሁን የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ስልኩን ይነካል፤ ሌላው ደግሞ ካርታው ላይ ቦታው የት እንደሆነና ስንት ሰው እንዳለበት ያያል። ገና ሳንጨርሰው ግማሹ ካምፓስ ጫነው። ደስታዬን አትጠይቀኝ።

ከዚያ አንድ ሰውዬ መጣ። የኮምፒውተር ክፍሉ በር ላይ ቆሜ አገኘኝና ስለ አፑ ሰምቶ እንደመጣ ነገረኝ። እንደሻው ወዳለበት ወደ ውስጥ አስገባሁት። ሁላችን በላብ ተጠምቀን እሱ ኮቱን እንኳ አላወለቀም። ወጣቶችን ከሚያግዝ ድርጅት ነኝ አለ፤ የድርጅቱን ስም ብጠይቀው ሳቅ ብሎ አለፈው። አመሰገነንና ሁለት ነገር ጠየቀ፦ ተማሪዎቹ በተቀመጡበት ሰዓት ማን የት እንዳለ ይታያል ወይ? ከቁጥሩ ጋር ስም አብሮ ይመዘገባል ወይ? ስለ ሙቀቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሲወጣ እንደሻውን በስሙ ጠርቶ ጨበጠው፤ እኛ ስማችንን አልነገርነውም ነበር። አምስት ተማሪ አንድ ዛፍ ሥር ከተቀመጠ «ምን እየዶለቱ ነው?» በሚባልበት በዚህ ጊዜ ሆዴ እንዴት አይሻክር?

ከዚያን ቀን ወዲህ እንደሻው ተለወጠብኝ። ስጠጋ የኮምፒውተሩን ገጽ ያዞራል፤ ስልኩ ሲጠራ ውጭ ወጥቶ ያወራል። አንድ ቀን አፑን ስከፍት ማንጎው ሥር አርባ ሰው አለ ይላል፤ ሄጄ ባይ አንድ ድመት ተኝታለች። ቁጥሩን መለወጥ የምንችለው ሁለታችን ብቻ ነን። ለሰውዬው የሆነ ነገር እየሠራለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጠይቀው ፈራሁ። ይልቅ እሰልለው ጀመር። አንድ ከሰዓት ኤረር በር ድረስ ተከተልኩት፤ ለእናቱ ሽንኩርት ገዝቶ ተመለሰ። ወላሂ፣ ይህም አላሳመነኝም፤ ሽንኩርት ሻጯንም መጠርጠር ጀመርኩ።

እኔ እንዲህ ስባክን ሙና ላይ ጉዳት ደረሰ። ቀትር ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት አፑን አየች፤ ምድር ቤቱ ባዶ ነው አላት። በአፑ ተማምና የተቀመጠችበትን ጥላ ትታ በፀሐይ ሄደች። ስትደርስ ሰው እስከ በሩ ሞልቶ መግቢያ የለም። ስትመለስ ደረጃው ላይ ተዘረረች። ተሸክመን ክሊኒክ አደረስናት፤ አላህ አተረፋት እንጂ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር።

ክሊኒኩ በር ላይ እንደሻውን ያዝኩት። «ለዚያ ሰውዬ ብለህ ሙናን ልትገድላት ነበር» አልኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ።

ለካ በር ላይ ከሰውዬው ጋር ቆሜ ሳወራ አይቶ፣ የጠራሁት እኔ መስዬው ኖሯል። ሰዉ የት እንደተቀመጠ እንዳይታወቅ ብሎ፣ የሞላውን ባዶ፣ ባዶውን የሞላ እያደረገ ቁጥሩን ያበላሸው እሱ ነው። ከኔም የሚደብቀው ለዚያው ነበር። ሰውዬው ስሙን እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን የተማሪ መታወቂያ አሳየኝ። ናስር፣ ያን መታወቂያ በየቀኑ እያየሁት ነበር። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

አብረን ገብተን ለሙና ሁሉንም ነገርናት። ተቆጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እኔ የፈለግሁት ጥላ እንጂ ሰው መቁጠር አልነበረም» አለች። ያን ቀን ስሙንም ቁጥሩንም ከሥሩ አጠፋን። አሁን አፑ የሚያሳየው ቦታውንና ሞልቷል ወይም አልሞላም የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱም ወዲያው ይሰረዛል። መምህራችን የሥራው አንኳር ወጣ ብሎ አኩርፏል፤ ነጥብ መቀነሱ አይቀርም።

ሰውዬው ተመልሶ መጥቶ ነበር። እንደሻው ስምና ቁጥር የሌለበትን ካርታ አሳየው። አየት አደረገና ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አላየነውም። ማን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት እንዳለው ወጣት የሚያግዝ ደግ ሰው ይሆናል፤ አላህ ያውቃል። ተማሪው ግን ወሬውን ሰምቶ ብዙው አፑን ከስልኩ አውጥቷል፤ የእኛ በሽታ ተጋብቶበት ማለት ነው። ሙና አላወጣችውም። ዘንድሮ ፈተናዋን እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ጻፈች።

ከእንደሻው ጋር ታርቀናል፤ አብረን እንሠራለን፣ አብረን እንስቃለን። ግን ቀድሞኝ ሲወጣ «በሩን ዘግተሽ ነይ» ካለኝ፣ ለምን አለኝ ብዬ ሳላስብ እስካሁን አንድም ቀን ዘግቼ አላውቅም።

በል፣ ለዘይነባ ናፍቆቴን ንገርልኝ። ዑስማንን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ ወገብህን ከብርድ ጠብቅ ትልሃለች፤ እዚያ ብርድ የለም ብላት አልሰማ ብላለች። እትዬ ብርነሽም ሰላም በይልኝ ብለዋል። አላህ በሰላም ያገናኘን።

ታናሽ እህትህ ዋፊቃ

ሐረር፣ አቦከር
ሚያዝያ 9 ቀን 2009 ዓ.ም.