«በላሽ?» «በላሁ»

ሰኞ፣ አዋሽ
ፖስታው ዛሬ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ደረሰኝ። የላከችልኝ ሜሮን ናት፤ ሰመራ ከልጄ ከሀያት ጋር አንድ ክፍል ትኖር የነበረች ተማሪ። ሀያት ከመሞቷ በፊት የጻፈችውን ቴያትር እሷና ጓደኞቿ ሊሠሩት ፈቃዴን ይፈልጋሉ።

የስፌት መኪናዬን አቁሜ አነበብኩት። ሁለት ሴቶች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል።
«በላሽ?»
«በላሁ።»
«ሙቀቱስ?»
«አለ።»
«በላሽ?»
«በላሁ።»
ስድስት ገጽ ሙሉ ይኸው ነው። ታሪክ የለው፣ ጠብ የለው። እንዲህ ያለ ቴያትርም አለ?

ማክሰኞ
እጅጌ ስገጥም ገባኝ። አንዷ እኔ ነኝ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስደውልላት የምንባባለው ነው፤ አንድ ቃል አልቀየረችም። ታዲያ ስታሾፍብኝ ኖራለች? ምን ልበላት? ትምህርቷ አይገባኝ። ናፈቅሽኝ ለማለት አፌ አልለመደ።

እንዳይሠሩት ለሜሮን እነግራታለሁ።

ረቡዕ
ጎረቤቴ ዘሀራ ልታጽናናኝ መጣች። «አብሽሪ። አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።» «አሚን» አልኳት። ከቀብሩ ጀምሮ በየቀኑ ይህንኑ ነው የምንባባለው። አንድ ቀን ብትቀር ግን ቀኑ አይመሽልኝም።

ከሄደች በኋላ ሜሮን ደወለች። እምቢታዬን ሳልናገር ቀደመችኝ።
«እማማ፣ ‹በላሽ› በዛ፣ እንቀንሰው ብንላት ሀያት አላስነካችንም። ‹አንድ በላሽ ከጎደለ እኮ እማ አይደለችም› አለችን።»
መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰካሁት።
«ከፈቀዱልን ቅዳሜ ልናሳየው ነው፤ መጨረሻውን ግን አልጻፈችውም። ማን ቀድማ ዝም እንደምትል አናውቅም።»

ሐሙስ
እኔ አውቃለሁ። ሁልጊዜ «እሺ»፣ «እሺ በቃ»፣ «እሺ» እያልን ስልኩን ሳንዘጋ እንቆያለን። የመጨረሻው ቀን ግን ቀሚስ የምትለካ ሴት መጣችብኝና ዘጋሁት። የሀያት ድምፅ ደክሞ ነበር። «በላሽ?» ብላት «በላሁ» አለችኝ። አልበላችም ነበር። በማግስቱ በትኩሳት ዱብቲ ሆስፒታል ገባች፤ አልወጣችም።

ስልኩን መዝጋቴን ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ፣ ሰመራ
መጨረሻውን ልነግራቸው ከአዋሽ በሌሊት ወጣሁ። መንገድ ላይ፣ ገዋኔ ከተማ፣ ሰው ሁሉ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ።

ለተማሪዎቹ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ለቀሚስ ብዬ ስልኩን መዝጋቴንም ሳይቀር። አንዱ ቀስ ብሎ «ታዲያ እናትየዋ ቀድማ ዝም ትበል?» አለኝ።
«አትበል» አልኩት። «ልጅቷም አትበል።»

ከሰዓት በኋላ ቴያትሩ ሲጀመር ሰው ሳቀ። አንድ ልጅ ከኋላ «በላሁ አለችሽ እኮ፣ እናት!» ብሎ ጮኸ። እኔም ሳቅሁ። እየቆየ ግን ሳቁ ሳሳ፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ሴቶች «እሺ»፣ «እሺ በቃ»፣ «እሺ» ሲባባሉ መብራቱ ጠፋ። በጨለማውም አላቆሙም።

በር ላይ ሜሮን ጠበቀችኝ። «እማማ፣ ምሳ በሉ?»
«በላሁ» አልኳት።
አላመነችኝም። ክንዴን ይዛ ምግብ ቤት ወሰደችኝ።