ቁጥር የወጣለት የቤት ሥራ

ድሬዳዋ፣ ጥር 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ውድ ዋንጂሩ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አገርሽ ከገባሽ አራት ዓመት ሊሞላሽ ነው፤ አማርኛሽ ግን ንቅንቅ አላለም። ማሠልጠኛውን ጨርሰሽ እዚያው ኬንያ የዜግነት ትምህርት ልታስተምሪ መሆኑን ሳነብ፣ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ባለቤቴ ጥሩወርቅ «ምን ሆነሃል?» እስክትለኝ ድረስ።

ደስታዬ ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመ። «በመጀመሪያው ቀን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ስለ እርስዎ ነው፤ ለእኔ ማመልከቻ ሲሉ እንጀራቸውን አደጋ ላይ ስለጣሉት ደፋር መምህር» ብለሻል። እንግዲህ ከዚያ ቀን በፊት ይህ ደብዳቤ ይድረስሽ። ነገሩ አንቺ እንደምታውቂው አልነበረም።

በ1958 በተማሪ ልውውጥ ለአንድ ዓመት ከየአገሩ የመጣችሁት ስድስት ነበራችሁ። ዳይሬክተሩ «የዜጋን መብትና ግዴታ አስተምራቸው» ብለው ሲያስረክቡኝ፣ የየትኛውን አገር ዜጋ መብት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ስዊድናዊው ላርስ ከፊት ተቀምጦ ያንቀላፋል፤ ሙቀቱ ነውና አልፈርድበትም። አንቺ ከኋላ ሆነሽ ትጠይቂያለሽ። አገርሽ ነፃ ከወጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ዜግነት ላንቺ እንደ አዲስ ጫማ ነበር፣ እየረገጥሽ የምትሞክሪው።

የማመልከቻ አጻጻፍ ያስተማርኩበትን ሳምንት አትረሺውም። በዚህ ነገር ነዝናዛ ነኝ። ኅዳጉ አራት ጣት ይሁን፣ ቀኑ በቀኝ ራስጌ ይግባ፣ ስርዝ ድልዝ እንዳላይ እያልኩ አሰለቸኋችሁ። በመጨረሻም ኮራ ብዬ «ቁጥር ያልወጣለት ማመልከቻ ተራ ወረቀት ነው» አልኩ። እዚህ አገር የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። አንቺ ግን ሰኞ ጠዋት ያስረከብሽኝ የቤት ሥራ ቅጂ ነበር፤ ራስጌው ላይ በቀይ ቀለም 412 ተጽፎበታል። ዋናው ከነቴምብሩ መዝገብ ቤት ገብቷል።

«ቲቸር፣ ሙሉ ነጥብ ይሰጡኛል?» አልሽኝ።

አንብቤ ስጨርስ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። ቤቷ ተቀብላ ባኖረችሽ በዓናብ ሰፈር ያለው የቦኖ ውሃ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ይቆለፋል፣ ዘበኛው እንደ ከተማው ሁሉ በቀትር ይተኛል፣ ሴቶቹ ፀሐይ ላይ ይጠብቃሉ፣ ስለዚህ ቁልፉ ለሰፈሩ ይሰጥ ይላል። እስከዚህ መልካም። መጨረሻው ግን «ዜጋ በደል ሲያይ ዝም እንዳይል መምህራችን አቶ አለምብርሃን ስላስተማሩን ይህን አቅርበናል» ይላል። ስሜ ከነ«አቶ»ው፣ በሚያምር ጽሕፈት።

ያኔ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከጎኔ ያስተምር የነበረ ጓደኛዬ፣ ስብሰባ ላይ በተናገራት አንዲት ቃል ምክንያት ስሙን ወደማላውቀው በረሃ ተዛውሮ ነበር። ጥሩወርቅ ደግሞ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። ምሳዬን ሳልበላ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሮጥኩ። ስሙን እዚህ አልጠራውም፤ ዛሬም ጠንቃቃ ነኝ። አንቺን ላግዝ አልነበረም የሄድኩት፣ ዋንጂሩ። ማመልከቻሽን አስወጥቼ ልቀደው ነበር።

ከዚራ ሰፈር ስደርስ መሥሪያ ቤቱ ተዘግቷል። በቀትር ድሬዳዋ ውስጥ ምን ክፍት አለና። ምናልባት አጋንነሽ ጽፈሽ ከሆነ ለመሟገቻ ይሆነኛል ብዬ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ወደ ቦኖው ወረድኩ። አላጋነንሽም። ጭራሽ አሳንሰሻል። የጋዝ ቆርቆሮዎቹ በየባለቤቶቻቸው ምትክ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው፣ ሴቶቹ ግድግዳ ተጠግተው በአንዲት ክንድ በማትሞላ ጥላ ተጨናንቀዋል። ዓናብ ልጇ ኡባህ ትምህርት ቤት ስለሆነች ራሷ መጥታ ነበር።

«አንተ መምህር» አለችኝ። ድሬዳዋ ላይ «እርስዎ» የሚለኝ ተማሪ ብቻ ነው። «ልጅቷ ነግራናለች። ማነው የሚሰማን ብያት ነበር። እሷ ‹መምህሬ ከኋላዬ ይቆማል› አለች። ወላሂ አላመንኳትም። ይኸው መጣህ።»

ተጠጋግተው ጥላ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። ከሁለት ሰዓት በላይ አብሬያቸው ቆየሁ፤ ጥላው በሸሸ ቁጥር እኛም በመቀመጫችን እየተንፏቀቅን ተከተልነው። ዓናብ በኮሌታዬና በክራባቴ ስትቀልድ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። አሥር ሰዓት ሲቃረብ ግን ማመልከቻሽን ልቀድ ተነሣሁ። እዚህ ላይ እንዳታሳምሪኝ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሱሌማን የትራሱ ስፌት ጉንጩ ላይ ታትሞበት ነበር። «412ን ላስወጣ ነው» አልኩት።

«ማስወጣት በማመልከቻ ነው» አለኝ። «ቴምብር ለጥፈህ ታመጣለህ፣ ቁጥር ይወጣለታል።»

የራሴን ትምህርት መልሶ ሰጠኝ። ፊቴን ሲያይ ግን አዘነልኝ መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ያስለፋሃል አቦ። ልጅቷ የውጭ አገር ሰው ናት። የዚህ አገር ዜጋ ካልፈረመበት ወደ ላይ አይወጣም። ዝም ብትል እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።»

ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? አመስግኜው ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ዓናብን ልጥራና ትፈርም ብዬ አሰብኩ፤ እሷ ማንንም አትፈራም። ደግሞ ተውኩት። ስለ ፍትሕ አስቤ ተመለስኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ያሰብኩት ግን ነገ ጠዋት «ቲቸር፣ ምን ደረሰ?» ስትዪኝ ዓይኔን የት እንደማደርገው ነው። አፈርኩ። በዚያ እፍረት ተመልሼ ፈረምኩ። ፊርማዬ የጀማሪ ጽሕፈት ስለመሰለ ሱሌማን መታወቂያ ጠየቀኝ።

በማግስቱ ቦኖው ጋ መምጣቴንና መፈረሜን ሰምተሽ በክፍሉ ፊት ስታመሰግኚኝ ላርስ እንኳ ነቅቶ አጨበጨበ። እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ ተቀበልኩ። ያ ጭብጨባ እስከዛሬ ይቆረቁረኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ ሲጠሩኝ ጥሩወርቅ ሻንጣ አዘጋጅታ ነው የሸኘችኝ። ሹሙ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙረው «ይህን የጻፈው ማነው?» አሉ። መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ። «ኅዳጉን ተመልከት። የእኔ ጸሐፊዎች እንዲህ አያውቁም። ሁለቱን ልላክልህ፣ አሠልጥናቸው።» ስለ ዜጋ ምንም አላሉም። ቁልፉ ለዓናብ ተሰጠ፤ ቦኖው በቀትር የተከፈተ ቀን ከሴቶቹ ጋር ስትጨፍሪ ያየሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው፣ ግን እንዳለ ንገሪያቸው። መምህሩ ማመልከቻውን ሊቀድ ሄዶ እንደነበር፣ ትቶትም በሩ ድረስ እንደወጣ ንገሪያቸው። ስለ ደፋር ሰው ብታወሪ፣ ፈሪው ልጅ ነገሩ እኔን አይመለከትም ብሎ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። በየክፍሉ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም፤ ቤት ውስጥ የሚያስብላቸው ሰዎች አሉት፣ የሚያጣው ነገር አለ፣ ስሙ ሲጠራ ላብ ያጠምቀዋል። የጻፍኩት ለእሱ ነው። አንቺ አንብቢለት።

አክባሪሽ፣
አለምብርሃን