በምርቃት የተከፈለ የስምንት ወር ማሳጅ

ለክቡር አቶ አለምነው
የንጋት አምባ ሆቴልና ስፓ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ ደመወዜ ስንት እንደሆነ እንዲነገረኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ሰሞኑን አዲስ ቀለም ለተቀባው የሆቴልዎ አጥር የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። የወገብዎን ጤንነት ግን ለብቻው እጠይቃለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራ ስላልገባሁ ማን እያሸልዎት እንደሆነ አላወቅሁምና አሳስቦኛል።

እኔ የትምወርቅ ባህሩ በኩዌት በአንድ የሴቶች ሳሎን የማሳጅ ሙያ ተምሬ፣ በሙያውም አራት ዓመት ሠርቼ ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ፣ በሆቴልዎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ለስምንት ወራት አገልግያለሁ። ሲቀጥሩኝ ስለ ደመወዜ ብጠይቅዎ «አንቺ ብቻ ጀምሪ፣ እኛ ሰው አንበድልም» ብለውኝ ነበር። ከስምምነታችን ውስጥ የእኔን ድርሻ፣ ማለትም መጀመሩን፣ በማግስቱ መፈጸሜን በትሕትና አስታውሳለሁ። ቀሪውን በተመለከተ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ምርቃቱ። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ደመወዜን ብጠይቅ «በእኛ አገር ያሸ ሰው ዋጋ አይቆርጥም፤ የሰው ምርቃት ይበቃዋል» በማለት ስለ ባህላችን ያስተማሩኝን ትምህርት አልረሳሁም። እውነትዎን ነው። አጎቴ አቶ ንጉሡ በወረኢሉ መንገድ የታወቁ ወጌሻ ናቸው፤ የተሰበረ ሲጠግኑ፣ የወለቀ ሲመልሱ ኖረው ከማንም ዋጋ ጠይቀው አያውቁም። ነገር ግን አጎቴ የሚያርሱት መሬት አላቸው፤ ገንዘብ ተቀባይ ደግሞ የላቸውም። በእኛ ሆቴል መሬቱ የለም፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ግን አለች። ስለዚህ የአንድ ማሳጅ ዋጋ ሰባት መቶ ብር ምድር ቤት ለገንዘብ ተቀባይዋ ለአሚራ ይከፈላል፣ ምርቃቱ ደረጃውን ወጥቶ ወደ እኔ ይመጣል።

በዚህ አሠራር ያካበትሁት ሀብት ቀላል አይደለም። ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም «እመቤቴ ከፍ ታድርግሽ»፣ «አላህ ይህን እጅ አይንሳን» ተብያለሁ። የጭነት መኪና ሹፌሩ አሕመድኑር አንገቱን ካሸሁለት በኋላ ያደረገልኝ ዱዓ ከማሳጁ ይልቅ ስለረዘመ፣ ተራዋን የምትጠብቀው ደንበኛ በር ላይ ቆማ አሚን ስትል ቆይታለች። ይህን ሁሉ ይዤ ወደ ቤት አከራዬ ወደ ወይዘሮ አበቡ ብሄድ ግን «ልጄ፣ ምርቃቱንስ እኔም እጨምርልሻለሁ፤ አንቺ ብቻ ኪራዩን አምጪ» አሉኝ። ከእርስዎ ጋር ስላልተማከሩ ይመስለኛል።

2ኛ. ስለ በቅሎዋ። በአንድ የገበያ ቀን አቶ አሳምነው የተባሉ ገበሬ፣ ሆቴሉ ወጌሻ ቀጥሯል የሚል ወሬ ሰምተው የምታነክስ በቅሎአቸውን ከነኮርቻዋ እስከ እንግዳ መቀበያው ድረስ አስገቧት። ክቡርነትዎ ከቢሮዎ ወርደው «እንግዳ አይመለስም! የትምዬ፣ እስቲ ዳሰስ አድርጊያት» ብለው ስላዘዙኝ፣ ባለቤቷ ይዘውት በመጡት ቅቤ የኋላ እግሯን በግቢው ውስጥ ለአርባ ደቂቃ አሸሁ። ከዚያም አሚራ እንደ ደንቡ የሙሉ ሰውነት ሂሳብ ስትጠይቅ አቶ አሳምነው «የታመመችው እኮ በአንድ እግሯ ነው! ለሦስቱ ደህና እግር ለምን እከፍላለሁ?» አሉ። ክቡርነትዎም በሚያስደንቅ ፍትሐዊነት አንድ አራተኛውን፣ ማለትም አንድ መቶ ሰባ አምስት ብር አስከፍለው ደረሰኝ አስቆረጡላቸው። ይህን ያህል ስሌት የሚችል አሠሪ የእኔን ደመወዝ ለማስላት ስምንት ወር እንዴት እንደፈጀበት አልገባኝም። ከዚያው ገንዘብ ውስጥ የእኔ ድርሻ ስንት እንደሆነ ስጠይቅዎ «በቅሎዋ ትመርቅሽ» አሉኝ። በግቢው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በቅሎዋ ግን እስከ ዛሬ ምንም አላለችም።

3ኛ. ደንበኛ በሌለ ጊዜ «እጅሽ እንዳይቀዘቅዝ» እየተባልሁ ወደ ወጥ ቤት ስለመላኬ። አንድ ቀን ሁለት ኪሎ ቃሪያ ስሰነጥቅ ቆይቼ በቀጥታ ወደ ባንክ ሠራተኛው ወደ አቶ ብዙአየሁ ጀርባ ተጠራሁ። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ ነበር፤ አልበቃም። ሰውዬው «ኧረ እሳት! እሳት ለቀቀችብኝ!» እያሉ ሲነሡ እርስዎ በሩ ላይ ደርሰው ይህ የሙቀት ማሳጅ የሚባል አዲስ አገልግሎት መሆኑን አስረዷቸው፣ መቶ ብርም ጨመሩባቸው። አቶ ብዙአየሁ በሳምንቱ ጓደኛቸውን ይዘው ያንኑ አገልግሎት ለመጠየቅ መምጣታቸውን ለእውነት ስል እመሰክራለሁ። ለዚህ ፈጠራ ምስጋናው ለእርስዎ፣ መቶው ብር ለእርስዎ፣ የቃሪያው ማቃጠል ደግሞ ለእኔና ለአቶ ብዙአየሁ ሆኖ ተከፋፍሏል።

4ኛ. ይህኛው ቅሬታ አይደለም። ደሴ ያለው ኤጀንሲ ወደ ኩዌት የምመለስበትን ውል ልኮልኛል፤ መልሴን እስከ ዓርብ ይጠብቃል። ውሉ መልካም ነው ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ደመወዝ በሚለው መስመር ላይ ቁጥር ተጽፎበታል። መሄድ አልፈልግም። ልጄ መቅደላዊት ከኩዌት ስመለስ ለአንድ ወር ያህል «አክስቴ» ነበር የምትለኝ፤ «እማዬ» ማለት ከጀመረች ገና ሰባት ወሯ ነው። እንደገና ብሄድ ስመለስ ምን ብላ እንደምትጠራኝ አላውቅም። ስለዚህ እስከ ሐሙስ ድረስ የወር ደመወዜ፣ የሥራ ሰዓቴና የሥራዬ ዓይነት ተጽፎ፣ ፊርማዎና ማኅተምዎ ያረፈበት አንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጠኝ የኩዌቱን ውል ሳልፈርም እመልሳለሁ። ከአንድ ገጽ በላይ አላስቸግርዎትም።

በመጨረሻም፣ ገንዘብ ከመቁጠር ድካም ስምንት ወር ሙሉ ስላሳረፉኝ፣ ሙያዬ ከሰው አልፎ ለእንስሳትም እንደሚሆን ስላሳዩኝ፣ እንዲሁም በወር መጨረሻ በተገናኘን ቁጥር ጤንነቴን ሳይጠይቁኝ አልፈው ስለማያውቁ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ንግድዎ እንዲሰፋ፣ ፎቅዎ እንዲጨመር፣ ወገብዎም እስከዚያው እንዲታገሥ እመኛለሁ።

ሆቴልዎን ምንም ወጪ ከማያስወጡት ሠራተኞች አንዷ፣
አክባሪዎ የትምወርቅ ባህሩ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከጨረስሁ በኋላ በእኔ ምትክ ሰው ለመቅጠር በሆቴሉ በር ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ አነበብሁ። ደመወዙ ስምንት ሺህ ብር መሆኑ በአኃዝም በፊደልም ስለተገለጸ ደስ ብሎኝ ዛሬ ጠዋት ማመልከቻዬን ለአሚራ አስገብቻለሁ። አሚራ ግን ከመጨረሻው መሥሪያ ቤቴ የሥራ ልምድ ማስረጃ ያስፈልጋል ስላለችኝ፣ ማስረጃውን እንዲጽፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በማስረጃው ቅጽ አራተኛ መስመር ላይ «ሲከፈላት የነበረው የወር ደመወዝ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። እባክዎ በሚነበብ ጽሑፍ ይሙሉት።